የጃቫ ባይትኮድ ትራንስፎርመር ተመዝግቦ ሳለ አንዳንድ ክላሶችን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደሴ፣ የሐይቅ፣ የወልድያ ሰዎች እንደምን ከረማችሁ? ከመካከላችሁ በባይትኮድ (የጃቫ ኮድ ከተተረጎመ በኋላ ጄቪኤም፣ ማለትም የጃቫ ማስኬጃው፣ የሚያነበው መልክ) ነገር እጁን ያፍታታ አይጠፋም ብዬ ነው።

እዚህ ኮምቦልቻ የሚሠራ የመጋዘን ፕሮግራም አለ። ጃቫ 17 ነው፣ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ በአንድ ጃር ይነሳል፤ ቶምካት ምናምን የለበትም። ሶርስ ኮዱ በእጃችን የለም። የዕቃ መውጫ ወረቀት ሲታዘዝ አንዳንዴ ወዲያው ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰው ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ያስጠብቃል። ጊዜው የትኛው ሜተድ ላይ እንደሚያልቅ ለማየት የጃቫ ኤጀንት (ከፕሮግራሙ ጋር ተጭኖ ክላሶቹን ሊለውጥ የሚችል ጃር) ጻፍኩ።

አሠራሩ ይኸው፦ ፕሪሜይን (ከፕሮግራሙ ሜይን በፊት የሚጠራው የኤጀንቱ ሜተድ) ውስጥ አንድ ክላስፋይልትራንስፎርመር (ክላስ ሲጫን ባይቱን ተቀብሎ የሚለውጥ) በአድትራንስፎርመር አስመዘግባለሁ። ትራንስፎርመሩ ስሙ በ«ኢቲ/መጋዘን/» የሚጀምረውን ክላስ ሁሉ በኤኤስኤም 9 (የባይትኮድ ማንበቢያና መጻፊያ ላይብረሪ) ያነባል፤ በየሜተዱ መግቢያ ናኖታይም ወስዶ ሎካል ቫሪያብል ቁጥር 10 ላይ ያስቀምጣል፤ በየሪተርኑ ፊት ልዩነቱን አስልቶ «ሰዓትመዝጋቢ» ለሚባል የራሴ ክላስ ያቀብላል። ክላስራይተሩን የከፈትኩት በኮምፕዩት ፍሬምስ ነው። በየክላሱም ስንት ጊዜ እንደተጠራ የሚቆጥር አንድ ስታቲክ ፊልድ እጨምራለሁ።

ችግሮቼ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ በዚያ ፓኬጅ 40 ክላስ አለ፤ 37ቱ ሲለወጡ 3ቱ አይለወጡም። ከ3ቱ አንዱ ዋናው የምፈልገው ስቶክሰርቪስ ነው። ስህተት የሚባል ነገር በሎጉ ላይ አይታይም።

ሁለተኛ፣ ከተለወጡት መካከል ኢንቮይስፕሪንተር ሲነሳ ቬሪፋይኤረር (የጄቪኤሙ ባይትኮድ መርማሪ፣ ቬሪፋየሩ፣ የሚያወጣውን ስህተት) ይወረውራል፤ «ባድ ሎካል ቫሪያብል ታይፕ» ይላል።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙን በሥራ ሰዓት ማጥፋት አይቻልም። ሳላጠፋው ኤጀንቱን ልጫንበት ብዬ የተጫኑ ክላሶችን እንደገና የሚለውጠውን ሪትራንስፎርምክላስስን ስጠራ አንሰፖርትድኦፐሬሽንኤክሰፕሽን መለሰልኝ።

አንዱን እንኳ የምታውቁ በርቱልኝ።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ወንድም ቦርከና፣ አብሽር፣ ሦስቱም መልስ አላቸው። እኔ የመጀመሪያውን ልጀምረው፤ የቀሩትን ሌሎች ያነሡታል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ያዝ፦ ጄቪኤም ከትራንስፎርም ሜተድ የሚወጣ ኤክሰፕሽንን ይውጠዋል። አይጮህም፣ ሎግ ላይ አይጽፍም፣ ፕሮግራሙንም አያቆምም። ትራንስፎርመሩ ከወረወረ፣ ነል (ባዶ) እንደመለሰ ተቆጥሮ ክላሱ በነበረበት መልኩ ይገባል፤ ከኋላ ያሉ ትራንስፎርመሮችም በተራቸው ይጠራሉ። ይህ ጉድለት ሳይሆን በሰነዱ የተጻፈ ውል ነው። ስለዚህ «ስህተት አይታይም» ማለት «ስህተት የለም» ማለት አይደለም። የትራንስፎርምን ሆድ ዕቃ ሁሉ በትራይ ክበበው፤ ካች የምታደርገው ግን ኤክሰፕሽንን ሳይሆን ትሮወብልን ይሁን፤ ኖክላስዴፍፋውንድኤረርና መሰሎቹ የኤረር ዘር ናቸውና ኤክሰፕሽን የሚለው ካች አይዛቸውም። ከያዝከው በኋላ የክላሱን ስም ከነሙሉ ስታክ ትሬሱ ወደ ሲስተም ኤር ጻፍና ነል መልስ። በፕሮግራሙ ሎገር አትጻፍ፤ ሎገሩ ገና ያልተጫኑ ክላሶችን ይጎትታል፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የማትለውጠውን ክላስ በተመለከተ ደግሞ ነል መመለስ ነው እንጂ የተቀበልከውን የባይት አሬይ መልሰህ አትስጥ። «ምንም አልነካሁም» የሚባለው በነል ነው። የተሰጠህን አሬይ በቦታው ላይ መለወጥም ክልክል ነው፤ የምትመልሰው አዲስ አሬይ ይሁን።

አንተ ላይ የሌለ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ ይህን ገጽ ለሚያነብ ሌላ ሰው ልጨምር። የክላሱ ስም ለትራንስፎርም የሚመጣው በነጥብ ሳይሆን በስላሽ ነው። «ኢቲ.መጋዘን.ስቶክሰርቪስ» ብለህ ካወዳደርክ ዕድሜ ልክህን አይገጥምም። ስሙ ነል ሆኖ የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ በጃቫ 8 ላይ ከላምዳ የሚወለዱ ክላሶች እንዲህ ናቸው፤ ስለዚህ ከስታርትስዊዝ በፊት ነል መሆኑን መርምር። ሎደሩም (ክላሱን የሚጭነው) ነል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ክላሱ የቡትስትራፕ፣ ማለትም የጃቫ የራሱ የመነሻ ሎደር፣ ነው ማለት ነው።

ማኒፌስቱ (በጃሩ ውስጥ ያለው መግለጫ ፋይል) ላይ ፕሪሜይን-ክላስ የሚለው መስመር በመጨረሻ ከተጻፈና ከሥሩ አዲስ መስመር ከሌለው መስመሩ ሊጠፋ ይችላል። በእጅ ስትጽፈው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ኢንተር መምታት አትርሳ። -ጃቫኤጀንት የሚለው ደግሞ ከ-ጃር በፊት ይምጣ። ከጃሩ ስም በኋላ የገባ ነገር ሁሉ ለሜይን የሚሰጥ አርጊውመንት ነው፤ ጄቪኤሙ አያየውም፣ አይቆጣምም። የኤጀንቱ ጃር ከቦታው ከጠፋ ወይም ፕሪሜይን ራሱ ከወረወረ ግን ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። ሌሊት ሰርቨሩ ራሱን ሪስታርት ቢያደርግ ምን እንደሚሆን አስብበት።

ሌላው ተጠርጣሪ ቅደም ተከተል ነው። ትራንስፎርመር ኬላ ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ መኪና ደሴ ላይ አይፈተሽም፤ ከመመዝገብህ በፊት የተጫነ ክላስም እንዲሁ። ፕሪሜይን ከሜይን በፊት ስለሚሠራ የፕሮግራሙ ክላሶች ብዙውን ጊዜ አያመልጡህም፤ ፕሪሜይን ውስጥ ከምዝገባው በፊት ራስህ የነካሃቸው ካሉ ግን አምልጠዋል።

ትሮወብሉን ያዝና የሚያወጣውን እዚህ ለጥፍ።

ቦርከና_ማዶ

አያ ጦሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ከ3ቱ ሁለቱ ተናገሩ፦ ሁለቱም ታይፕኖትፕረዘንትኤክሰፕሽን ነው የሚወረውሩት፤ ስታክ ትሬሱ የክላስራይተር ጌትኮመንሱፐርክላስ ላይ ይደርሳል፤ የሚፈልገው ክላስ በሰርቨሩ ላይ ያልተጫነ የባርኮድ ላይብረሪ ውስጥ ያለ ነው።

ስቶክሰርቪስ ግን አሁንም ዝም። በትራንስፎርም የመጀመሪያ መስመር ላይ የመጣውን ስም ሁሉ አሳተምኩ፤ የስቶክሰርቪስ ስም ጭራሽ አይመጣም። በ-ኤክስሎግ፡ክላስ+ሎድ ሳየው ግን ክላሱ ተጭኗል፤ የተጫነውም ከምዝገባው ብዙ ቆይቶ ነው። ኬላው ከተተከለ በኋላ ሳይፈተሽ ያለፈ መኪና ሆነብኝ።

የሐይቋ (ሐይቅ)

አዎ፣ ሳይፈተሽ ነው ያለፈው፤ ያሳለፈውም ፈታሹ ራሱ ነው። ሁለቱ የተናገሩትና አንዱ ዝም ያለው መነሻቸው አንድ ነው፦ ኮምፕዩት ፍሬምስ።

ኮምፕዩት ፍሬምስ ስትል ኤኤስኤም የስታክ ማፕ ፍሬሞችን (በየቦታው ምን ታይፕ እንዳለ ለቬሪፋየሩ የሚናገሩትን) ከባዶ ያሰላል። ሁለት መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ፣ በአንዱ ስታክ ላይ «ሀ» የሚባል ታይፕ፣ በሌላው «ለ» ካለ የጋራ አባታቸውን ማወቅ አለበት። ለዚህ ጌትኮመንሱፐርክላስን ይጠራል፤ እሱም በተፈጥሮው ክላስ.ፎርኔም ብሎ ሁለቱን ክላሶች ይጭናል። ኢኒሻላይዝ አያደርጋቸውም፣ መጫናቸው ግን አይቀርም። ክላሱ ከሌለ ታይፕኖትፕረዘንትኤክሰፕሽን። ሁለቱ ያሉህ ይሄንን ነው። ፕሮግራሙ ያለዚያ ላይብረሪ የሚሠራው መስመሩ ላይ ስለማይደርስ ነው፤ ኤኤስኤም ግን መስመሩ ይደረስ አይደረስ ሳይል ሁሉንም ያሰላል።

ስቶክሰርቪስ ደግሞ እንዲህ ነው። የጄቪኤሙ የኢንስትሩመንት ላይብረሪ ትራንስፎርመር እየሠራ ባለበት ትሬድ ላይ ሌላ ክላስ ቢጫን፣ መልሶ ወደ ትራንስፎርመር አይልከውም። ማለቂያ የሌለው መመላለስ እንዳይፈጠር በየትሬዱ አንድ ማለፊያ ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ ከተያዘ አዲሱ ክላስ በቀጥታ ይገባል። አንተ አንዱን ክላስ ስትለውጥ፣ በውስጡ ስቶክሰርቪስና ሌላ ታይፕ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ኤኤስኤም ስቶክሰርቪስን ያኔ ጫነው፤ ማለፊያው ተይዞ ስለነበር ያንተ ትራንስፎርም አልተጠራም። ለማረጋገጥ በትራንስፎርም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ «ገባ» እና «ወጣ» ብለህ አሳትም። በክላስ+ሎድ ሎጉ ላይ የስቶክሰርቪስ መስመር በአንድ ክላስ «ገባ» እና «ወጣ» መካከል ይወድቃል።

መፍትሔው ጌትኮመንሱፐርክላስን ክላስ ሳይጭን እንዲመልስ አድርጎ ኦቨርራይድ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ጌትክላስሎደርን ብቻ ኦቨርራይድ አድርጎ ለትራንስፎርም የመጣውን ሎደር ይመልሳል፤ ያ የሚፈታው ክላሱ በተሳሳተ ሎደር ስለተፈለገ የጠፋበትን ጉዳይ እንጂ የአንተን አይደለም፤ መጫኑ አሁንም ይኖራል። ይልቅ ከሎደሩ ላይ በጌትሪሶርስአዝስትሪም «ስም.ክላስ» የሚለውን ፋይል ባይቱን ብቻ ክፈት፣ በክላስሪደር ጌትሱፐርኔምን ጠይቅ፣ እስከ ጃቫ/ላንግ/ኦብጀክት ድረስ ወደ ላይ ውጣ። የመጀመሪያውን ታይፕ አባቶች በዝርዝር ያዝ፣ ከዚያ የሁለተኛውን አባቶች አንድ በአንድ እየወጣህ ዝርዝሩ ውስጥ ያገኘኸውን የመጀመሪያውን መልስ። ከሁለቱ አንዱ ኢንተርፌስ ከሆነ ጃቫ/ላንግ/ኦብጀክት መልስ፤ ቬሪፋየሩ ኢንተርፌስን እንደ ኦብጀክት ነው የሚያየው። ፋይሉ ካልተገኘም ኦብጀክት መልስ፤ ይሄ ግን ፍጹም አይደለም፣ የተዋሃደው ታይፕ በኋላ እንደ ትክክለኛ ክላሱ የሚፈለግ ከሆነ ቬሪፋይኤረር ይመጣል። ሎደሩ ነል ሲሆን ክላስሎደር.ጌትሲስተምሪሶርስአዝስትሪምን ተጠቀም። ያገኘኸውን የአባት ስም በኮንከረንትሃሽማፕ አስቀምጠው፤ ትራንስፎርም ከብዙ ትሬድ በአንድ ጊዜ ይጠራልና ተራ ሃሽማፕ አይሆንም።

ቬሪፋይኤረርህ ደግሞ ከቁጥር 10 ነው። ሎንግ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ 10ንና 11ን ወስደሃል ማለት ነው። ሜተዱ አጭር ከሆነ እዚያ ማንም የለም፣ ስለዚህ ከ37ቱ ሌሎቹ 36 አለፉ ወይም በዕድል ተረፉ። ኢንቮይስፕሪንተር ላይ ረጅም ሜተድ አለ፤ ራሱ 10 ላይ የአንድ ኦብጀክት ሪፈረንስ ያስቀምጣል፤ አንተ መጨረሻ ላይ ከ10 ሎንግ ልታነብ ስትሄድ ቬሪፋየሩ ያዘህ። መያዙ ደግ ነው። የከፋው ሜተዱ ራሱ ሎንግ እዚያው ቦታ ቢያስቀምጥ ነበር፤ ታይፑ ስለሚገጥም ቬሪፋየሩ ዝም ይላል፣ አንተ ደግሞ የዕቃ ቁጥርን እንደ ናኖሰከንድ ታነባለህ። ስለዚህ የተለወጡት 37ቱ የሚሰጡህን ቁጥር ገና አትመን።

ቁጥር በእጅ አትምረጥ። አድቫይስአዳፕተርን ውረስ፣ ኒውሎካል(ታይፕ.ሎንግ_ታይፕ) ብለህ ቦታ ጠይቅ፣ በስቶርሎካልና በሎድሎካል ተጠቀም። ቪዚትቫርኢንስንን በዚህ ቁጥር በቀጥታ በራሱ በአዳፕተሩ ላይ ከጠራኸው ቁጥሩን እንደገና ይቀይርብሃል፤ እነዚያ ሁለቱ ግን በትክክል ያልፋሉ። ክላስሪደር.አክሰፕት ስትጠራ ኤክስፓንድ_ፍሬምስ የሚለውን ስጥ፤ አዳፕተሩ ያለዚያ አይሠራም፣ ይህን እንኳ በግልጽ ይነግርሃል። አብስትራክትና ኔቲቭ ሜተዶች ኮድ ስለሌላቸው ዝለላቸው። ኮንስትራክተር ላይ ኦንሜተድኤንተር የሚጠራው ሱፐር ከተጠራ በኋላ ነው፤ የአባትየው ጊዜ አይቆጠርልህም።

አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። ኦንሜተድኤግዚት የሚያየው ሪተርንንና በሜተዱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ አትሮውን (ኤክሰፕሽን የሚወረውረውን የባይትኮድ ትዕዛዝ) ነው። ከተጠራ ሌላ ሜተድ ወጥቶ የሚያልፍ ኤክሰፕሽንን አያይም። ያንተ ችግር ደግሞ ምናልባት የዳታቤዙ ታይምአውት ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ልክ በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው። ሜተዱን በሙሉ በትራይና ካች ክበበው፦ በቪዚትኮድ ላይ የመነሻ ሌብል፣ በቪዚትማክስስ ላይ የመድረሻ ሌብልና ሃንድለር፣ ሃንድለሩ ጊዜውን መዝግቦ ያንኑ ኤክሰፕሽን መልሶ ይወርውር። ቪዚትትራይካችብሎክን በመጨረሻ ጥራው፤ ቀድመህ ካስገባኸው የሜተዱ የራሱ ካቾች ከሥሩ ይሆኑና ያንተ ይቀድማቸዋል። ሪተርን ላይ አንዴ፣ በሃንድለሩ አንዴ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ተጠንቀቅ፤ አትሮው ከሆነ ኦንሜተድኤግዚት ላይ አትመዝግብ፣ ለሃንድለሩ ተወው።

ሲያልቅ ውጤቱን ወደ ፋይል ጽፈህ በጃቫፒ -ሲ -ፒ -ቪ (የባይትኮድ ማሳያ ትዕዛዝ) እየው። የኤኤስኤም ቼክክላስአዳፕተርም የስህተቱን መስመር ከጄቪኤሙ በተሻለ ይጠቁማል።

ወልድያ_መገንጠያ (ወልድያ)

እኔ ሦስተኛውን ልውሰድ።

አንሰፖርትድኦፐሬሽንኤክሰፕሽን ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ መልእክቱን ሙሉውን አንብብ። «አዲንግ ሪትራንስፎርመብል ትራንስፎርመርስ ኢዝ ኖት ሰፖርትድ» ካለ ማኒፌስትህ ላይ ካን-ሪትራንስፎርም-ክላስስ፦ ትሩ የሚለው የለም። «አተምትድ ቱ ቼንጅ ዘ ስኪማ» ካለ ደግሞ ያ የቆጣሪ ስታቲክ ፊልድ ነው። ክላሱ አንዴ ከተጫነ በኋላ የሜተዶችን ሆድ መለወጥ ትችላለህ እንጂ ፊልድ ወይም ሜተድ መጨመር፣ መቀነስ፣ ስም መቀየር፣ የሜተድ ሲግኔቸር መንካት፣ የሚወርሰውን መቀየር አይፈቀድም። በመጫኛ ጊዜ ግን ይፈቀዳል፤ ለዚህ ነው በፕሪሜይን የሄደልህ። ቆጣሪውን ወደ ሰዓትመዝጋቢ አውጣው፤ እዚያ በክላስና በሜተድ ስም የሚፈለግ ኮንከረንትሃሽማፕ ላይ ሎንግአደር አስቀምጥ፣ የታለሙትን ክላሶች አትንካ።

ሲመዘገብም አድትራንስፎርመር(ት፣ ትሩ) ማለት አለብህ፤ ሁለተኛው ካልተሰጠ ፎልስ ነው፣ እንደገና ሲለወጥም ያ ትራንስፎርመር አይጠራም። ስትመዘገብ ያለው ተራ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሪትራንስፎርም የማይችሉት፣ ቀጥሎ የሚችሉት፤ በየወገናቸው በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል። እና ይሄን ልብ በል፦ ሪትራንስፎርም ቶና አይደለም። በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ አይጨመርም፤ ከመጀመሪያው ባይት እንደገና ይጀመራል፤ ማለትም ክላሱ ሲጫን ሪትራንስፎርም የማይችሉት ትራንስፎርመሮች ከመለሱት ላይ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሪትራንስፎርም ብታደርግ የሰዓት ኮዱ ሁለቴ አይገባም። ለመመለስም ይጠቅማል፦ ሪሙቭትራንስፎርመር፣ ከዚያ ያንኑ ክላስ ሪትራንስፎርም፤ የኛ ነገር ጠፍቶ እንደ ጥንቱ ይሆናል።

ሳታጠፋው ለመጫን ማኒፌስቱ ላይ ኤጀንት-ክላስ የሚለውን ጨምር፣ በዚያ ክላስ ላይ ኤጀንትሜይን ጻፍ። እዚያ ውስጥ ተመዝገብ፣ ጌትኦልሎድድክላስስን አዙር፣ ስማቸው የሚገጥመውንና ኢዝሞዲፋየብልክላስ እሺ ያለውን ሰብስብ፣ አንድ በአንድ ሪትራንስፎርም አድርግ። በአንድ ጥሪ 40ውን ከሰጠኸው አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃሉ፤ አንድ በአንድ ከሄድክ የወደቀው ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ ጌትኔም ስሙን በነጥብ ነው የሚሰጥህ፤ ከትራንስፎርሙ ስላሽ ጋር አታደባልቀው።

ለማያያዝ የተለየ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም፤ ከጃቫ ጋር የሚመጣው ጄሲኤምዲ ይበቃል (ፒአይዲ የፕሮግራሙ የፕሮሰስ ቁጥር ነው)። ጄሲኤምዲ ፒአይዲ ጄቪኤምቲአይ.ኤጀንት_ሎድ ብለህ የጃሩን ሙሉ መንገድ ስጠው፤ በ.ጃር የሚያልቅ ከሆነ የጃቫ ኤጀንት መሆኑን ያውቃል። ፕሮግራሙ በሚሄድበት ዩዘር ሆነህ አስኪደው፤ በሌላ ዩዘር አይገናኝም። ከጃቫ 21 ጀምሮ እንዲህ በሩጫ ላይ ሲጫን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ -ኤክስኤክስ፡+ኢነብልዳይናሚክኤጀንትሎዲንግ ካልክ ይተዋል። ጃቫ 17 ላይ ምንም አይልም።

ከተጫነ በኋላ ሁለት ነገር አትደንግጥ። የተለወጡት ሜተዶች ጄአይቲ (በሩጫ ላይ ባይትኮድን ወደ ማሽን ኮድ የሚተረጉመው) ያዘጋጀው ኮድ ስለሚጣል ለጥቂት ጊዜ ቀስ ይላሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች የለካኸውን ጣለው። ደግሞም በዚያ ቅጽበት በስታክ ላይ የነበረ ሜተድ እስኪጨርስ በአሮጌው ባይትኮድ ይቀጥላል። በዋይል ትሩ የሚዞር ሜተድ ከሆነ መቼም አይለወጥም፤ እሱ የሚጠራቸውን ለካ።

ሰዓት_ቆጣሪ (ደሴ)

ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን ለአንድ የሰዓት ልኬት ይሄን ሁሉ በእጅ? ይህን የሚያቀል ባይትበዲ የሚባል ላይብረሪ አለ እኮ። ኤጀንትቢልደር.ዲፎልት ላይ ዲሴብልክላስፎርማትቼንጅስ፣ ሪዴፊኒሽንስትራቴጂ.ሪትራንስፎርሜሽን፣ ታይፕ(ኔምስታርትስዊዝ)፣ በመጨረሻ ኢንስቶልኦን። አድቫይሱ (የሚጨመረው የልኬት ኮድ) አንድ ክላስ ነው፦ ኦንሜተድኤንተር ናኖታይም ይመልሳል፣ ኦንሜተድኤግዚት ላይ ኦንትሮወብል = ትሮወብል.ክላስ ካልክ ያ ቀዳዳ ራሱ ይደፈናል። ሎካል ቁጥር የለ፣ ፍሬም ማስላት የለ። ሊስነር.ስትሪምራይቲንግ.ቱሲስተምኤረር የሚለውን ካልጨመርክ ግን እሱም ስህተቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

አድቫይሱ ወደ ታለመው ሜተድ ይገለበጣል እንጂ አይጠራም። ስለዚህ ብሬክፖይንት አይያዝበትም፣ ውስጡ የምትጠራው ነገር ሁሉ ደግሞ ፐብሊክ መሆን አለበት፤ ፕራይቬት ከሆነ ኢሊጋልአክሰስኤረር ነው።

ጦሳ_ሥር

ባይትበዲ መልካም ነው፤ እኔም ለዚህ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። ጃቫፒን ማንበብ ሳይችሉ ግን ባይትበዲም አያድንም፤ ሲበላሽ የሚያሳይህ ያንኑ ባይትኮድ ነው። ጃቫ 24 ላይ የጃቫ የራሱ የክላስ ፋይል ኤፒአይ ገብቷል፤ ጃቫ 17 ላይ ግን አይገኝምና ለቦርከና አይጠቅመውም።

የትኛውንም ብትይዝ፣ ኤኤስኤሙን ወይም ባይትበዲውን በኤጀንት ጃርህ ውስጥ ሌላ የፓኬጅ ስም ሰጥተህ አስገባው፤ ማቨን ላይ የሼድ ፕለጊን ሪሎኬሽን የሚባለው ነው። የኤጀንት ጃር በሲስተም ክላስ ፓዝ ላይ ይጨመራል፤ ፕሮግራሙ ራሱ አሮጌ ኤኤስኤም ካለው ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ማን እንደሚያሸንፍም በቅደም ተከተል ይወሰናል። አሮጌው ካሸነፈ «አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 61» ይልሃል፤ 61 ጃቫ 17 ነው፣ 65 ጃቫ 21፣ 52 ጃቫ 8።

ደግሞ የጃቫን የራሱን ክላስ፣ ለምሳሌ ጃቫ.ኔት.ሶኬትን ለመለካት ካማረህ፣ ሰዓትመዝጋቢ እዚያ አይታይም፤ ቡትስትራፕ ሎደር ወደ ታች አያይም፣ ኖክላስዴፍፋውንድኤረር ነው። መዝጋቢውን ለብቻው በትንሽ ጃር አውጣና በአፔንድቱቡትስትራፕክላስሎደርሰርች አስገባው፤ ከኤጀንቱ ጃር ውስጥ ደግሞ አጥፋው። በሁለቱም ከተገኘ ሁለት ሎደር ሁለት ቅጂ ይጭናል፣ ሁለት የተለያየ ቆጣሪ ይኖርሃል፣ አንዱ ሁልጊዜ 0 ነው።

ቦርከና_ማዶ

እቱ የሐይቋ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ልክ እንዳልሽው ነው። የስቶክሰርቪስ መጫን የወጣው በኢንቮይስፕሪንተር «ገባ» እና «ወጣ» መካከል ነው። ጌትኮመንሱፐርክላስን በሪሶርስ ንባብ ስቀይረው 40ውም ተለወጡ። ኒውሎካል ቬሪፋይኤረሩን አጥፍቶታል። አያ ጦሳ፣ ወልድያ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ለሁላችሁም ምስጋና። ቆጣሪውን ወደ መዝጋቢው አውጥቼ ሪትራንስፎርሙም ሄደ።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርታለች። መዝጋቢው የሚጽፈው በአማርኛ ነው፣ «ዘገየ፦ ስቶክሰርቪስ» እያለ። በተርሚናል ላይ ሳስኬደው ፊደሉ ይታያል፣ በሲስተምዲ (የኡቡንቱ አገልግሎት አስነሺ) ሲነሳ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ። ባይትኮዱ ውስጥ ፊደል ይበላሻል እንዴ?

የሐይቋ

አይበላሽም። በክላስ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጠው በተሻሻለ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ገደቡ በአንድ ኮንስታንት 65535 ባይት ስለሆነ 21845 ፊደል ድረስ ትችላለህ፤ «ዘገየ» ለማለት ይበቃል።

የሚበላሸው ሲታተም ነው። ጃቫ 17 የሚጽፍበትን ቻርሴት ከሎኬሉ ይወስዳል፤ ሲስተምዲ ሲያስነሳው ላንግ የሚለው ካልተሰጠው አስኪ ይሆናል፣ ያልቻለውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። ዩኒት ፋይሉ ላይ ኢንቫይሮንመንት=ላንግ=ሲ.ዩቲኤፍ-8 ጨምር። ከጃቫ 18 ጀምሮ የፋይሉ ዲፎልት ዩቲኤፍ-8 ሆኗል፤ የሲስተም ኤር ግን አሁንም አካባቢውን ይመለከታልና መስመሩን ብታሻሽልም አታጥፋው። አካባቢውን መንካት ካልተፈለገ መዝጋቢው ውስጥ ለሲስተም ኤር ሳይሆን ለራሱ ፋይል በስታንዳርድቻርሴትስ.ዩቲኤፍ_8 የሚጽፍ ራይተር ክፈት።

እዚያው ዩኒት ፋይል ላይ ሳለህ፣ -ጃቫኤጀንትን በጃቫ_ቱል_ኦፕሽንስ አድርገህ ለመላው ዩዘር አትስጠው። በዚያ ዩዘር የሚነሳ ጃቫ ሁሉ ይወስደዋል፤ ጄሲኤምዲም ራሱ ጃቫ ስለሆነ ኤጀንትህን ተሸክሞ ይነሳል። ኤክሴክስታርት መስመሩ ላይ፣ ከ-ጃር በፊት ጻፈው።